ዴልታን ከመሰሎቹ መለየት፦ ስለ አንድ የሸክላ ሠሪ ተርብ ጂነስ የቀረበ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ርእሳችን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ከኩሬ ዳር እርጥብ ጭቃ በመንጋጋዋ እያድበለበለች የምታነሳ፣ በቤት ግድግዳ፣ በበረንዳ ጣሪያ ሥር፣ በድንጋይ አጥር ላይ እያመጣች የምትለጥፍ፣ ወገቧ ቀጭንና ረጅም የሆነ ትልቅ ተርብ አይታችሁ ይሆናል። የዚህች ተርብ ጂነስ፣ ማለትም የቅርብ ዘመድ የሆኑ ዝርያዎች በአንድነት የሚመደቡበት ክፍል፣ ዴልታ ይባላል። ዝርያዎቹ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በሞቃቱ የእስያ ክፍል ተሰራጭተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ አሉ፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል ያላችሁም ዴልታ ዲሚዲያቲፔኔ የተባለውን ቀይ ቡናማ ዝርያ በየግንቡ ላይ ታገኙታላችሁ።

ይህችን ተርብ አይቶ ስም የሚያወጣላት ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች በአንዱ ይመራል፦ በወገቧ፣ በቀለሟ ወይም በጭቃ ጎጆዋ። ሦስቱም ያሳስታሉ። ረጅም ወገብ ያላቸው ሌሎች ተርቦች ብዙ ናቸው። ቀለም ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። በጭቃ የሚሠሩትም ተርቦች ዝምድናቸው የተራራቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማሳያችሁ መንገድ በአካል ክፍሎች ላይ የቆመ ነው፤ ከቤተሰብ ተነስተን ወደ ንዑስ ቤተሰብ፣ ከዚያ ወደ ጂነስ እንወርዳለን። አንዱን እርከን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው መዝለል በዚህ ሥራ ውስጥ የአብዛኛው ስህተት ምንጭ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ነፍሳት በእርግጥ ቬስፒዴ ከተባለው የተርቦች ቤተሰብ ነው ወይ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ ትልቁ አሳሳች ስኬሊፍሮን የሚባለው ጂነስ ነው። እሱም በጭቃ ይሠራል፣ እሱም በግድግዳችን ላይ ይለጥፋል፣ ወገቡም እንደ ክር የቀጠነ ነው። ነገር ግን ስኬሊፍሮን የሌላ ቤተሰብ አባል ነው። ሁለቱን ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ተርቧ ስታርፍ ክንፏን ተመልከቱ፦ ቬስፒዴዎች የፊት ክንፋቸውን በቁመቱ አጥፈው ስለሚያሳርፉት ጠባብ ሆኖ ይታያል፤ ስኬሊፍሮን ግን ሳያጥፍ፣ ጠፍጣፋውን እንደዘረጋ በጀርባው ላይ ያሳርፈዋል። ቀጥሎ ዓይኗን እዩ። የቬስፒዴ ዓይን በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ጠለቅ ያለ ጎድጓዳ ስላለው የኩላሊት ቅርጽ ይይዛል፤ የስኬሊፍሮን ዓይን ይህ የለውም። ሦስተኛው ምልክት አንገቷ ሥር ያለው የደረት ፊተኛ ሳህን ነው። በቬስፒዴ ይህ ሳህን ወደ ኋላ ተስቦ ቴጉላ እስከሚባለው የክንፍ ሥር ክዳን ይደርሳል። በስኬሊፍሮን ሳይደርስ ይቀራል። ከሦስቱ ምልክቶች ሁለቱን ሞቶ በደረቀ ናሙና ላይም ማየት ይቻላል። የክንፉን እጥፋት ግን በደረቀ ናሙና አትመኑት፤ ናሙናውን ያዘጋጀው ሰው ክንፉን ዘርግቶት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው እርከን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ቤሎኖጋስተር የተባለው የአፍሪካ ጂነስ ትልቅ ነው፣ ወገቡ ረጅም ነው፣ ክንፉን ያጥፋል፣ ዓይኑም ኩላሊታማ ነው። ሲበር ወገቡንና እግሮቹን አንጠልጥሎ ያየ ሰው ዴልታ ነው ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ቤሎኖጋስተር በኅብረት የሚኖር ተርብ ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው ከታኘከ የእንጨት ጭረት በወጣ ወረቀት መሰል ነገር ሲሆን፣ ክፍሎቹ ያለ ሽፋን ወደ ታች ተከፍተው በአንድ እጀታ ይንጠለጠላሉ። ጎጆውን ለመጠበቅም ብዙዎቹ ተባብረው ይናደፋሉ። ዴልታ ግን ብቸኛ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ሠርታ፣ ለብቻዋ አድና፣ ለብቻዋ ትዘጋለች። ጎጆው ካልተገኘስ? ያን ጊዜ እግሩን ማየት ነው።

እግሩን ስናይ አስር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር የመጨረሻዋን የእግር አንጓ ከጎን በኩል ወደ ብርሃን አድርጉት። ጫፏ ላይ ሁለት ጥፍሮች አሉ። በዴልታና ኤውሜኒኔ በተባለው የሸክላ ሠሪ ተርቦች ንዑስ ቤተሰብ ውስጥ ባሉት ዘመዶቹ እያንዳንዱ ጥፍር በውስጠኛው በኩል ጥርስ አለው፤ በደንብ ከታየ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ይመስላል። በቤሎኖጋስተርና በኅብረት በሚኖሩት ሁሉ ጥፍሩ ጥርስ የለሽ፣ ልሙጥ ቅልብስ ነው። ጥፍሩ በአቧራ ወይም በደረቀ ጭቃ ከተሸፈነ ጥርሱ አይታይም፤ ስለዚህ በአልኮል በረጠበች ቀጭን ብሩሽ ጥረጉት። ከዚያ ወደ መካከለኛው እግር ቅልጥም ተመለሱ። በቅልጥሙ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ እሾህ አለ፤ ዴልታ አንድ ብቻ ሲኖረው ቤሎኖጋስተር ሁለት አለው። አንዱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም የመካከለኛ እግሮች ቁጠሩ። በመጨረሻም መንጋጋውን ተመልከቱ። የዴልታ መንጋጋ ረጅምና እንደ ቢላ የቀጠነ ነው፤ ሲዘጋ ሁለቱ ተገናኝተው ወደ ታች የወረደ ምንቃር ይሠራሉ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። የቤሎኖጋስተር መንጋጋ አጭር፣ ወፍራምና በጫፉ ጥርሳም ነው። አንድ ናሙና እነዚህን ሦስቱንም ፈተናዎች ካለፈ ኤውሜኒኔ ውስጥ መሆኑን ሳትጠራጠሩ ጻፉ። ለማረጋገጫ የሚሆን ሌላም ምልክት አለ፤ ከቴጉላው ኋላ ጎን፣ ከደረቱ ጀርባ ላይ የምትነሳ ፓራቴጉላ የምትባል ትንሽ ጉጥ ናት። እሷን ለማየት ግን ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕና ንጹሕ ናሙና ያስፈልጋል።

ጾታን መለየት ቀላል ነው፤ ይሁንና ሳይለዩ ወደ ዝርያ መውረድ አይቻልም። ሴቷ በአንቴናዋ ላይ 12 አንጓ፣ ወንዱ 13 አንጓ አለው። ከውጭ የሚቆጠረው የሆድ አንጓ በሴቷ 6፣ በወንዱ 7 ነው። የወንዱ አንቴና ጫፍ እንደ ሜንጦ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ፊቱ ላይ ያለው ክሊፔየስ የተባለው ሳህንም ብዙውን ጊዜ ከሴቷ ይልቅ ፈካ ያለ ቢጫ ይሆናል። ሴትና ወንድ በቀለም ስለሚለያዩ አንድን ዝርያ ሁለት ዝርያ አድርጎ መመዝገብ የተለመደ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ወገቡ እንምጣ። «ወገብ» የምንለው በሳይንሱ አቆጣጠር የሆድ ሁለተኛ አንጓ ነው። በተርቦች፣ በንቦችና በጉንዳኖች የመጀመሪያው የሆድ አንጓ በእጭነትና በሙሉ አካልነት መካከል ባለው ደረጃ ከደረት ጋር ተዋህዶ የደረቱ የኋላ ግድግዳ ይሆናል፤ ፕሮፖዲየም የሚባለው እሱ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ «የሜታሶማ አንደኛ አንጓ» የሚል ካነበባችሁ በዓይን የምታዩት ቀጭኑ ወገብ ማለት ነው። ይህን ሳይረዱ የመለያ ቁልፍ (ምልክቶችን በተራ እያስመረጠ ወደ ስም የሚያደርስ ዝርዝር) የሚያነቡ ሰዎች ሁሉንም አንጓ በአንድ እያዛነፉ ይቆጥራሉ፤ «ሁለተኛው አንጓ» ሲባል ሦስተኛውን እያዩ ይሳሳታሉ።

ወገቡን በዓይን ግምት «ረጅም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለኩት። ናሙናውን ከጎን አስተካክላችሁ፣ በማይክሮስኮፑ የዓይን መስታወት ውስጥ ባለው መለኪያ የወገቡን ርዝመት ከሥሩ እስከ ኋላ ጠርዙ ውሰዱ፤ የደረቱንም ርዝመት ፕሮፖዲየምን ጨምራችሁ ውሰዱ፤ ከዚያ አካፍሉ። በዴልታ ወገቡ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቱ ጋር የሚተካከል ወይም የሚበልጥ፣ ከሥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚሰፋ ነው። የቅርብ ዘመዱ በሆነው ኤውሜኔስ ወገቡ አጠር ይላል፤ ከጠበበው ሥሩ በኋላ መሐል ላይ ፈጠን ብሎ ያብጥና የደወል ቅርጽ ይይዛል። በተጨማሪም በብዙ የኤውሜኔስ ዝርያዎች የሁለተኛው አንጓ ጀርባ ሳህን የኋላ ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ከፈፍ አለ፤ በዴልታ ይህ ጠርዝ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያልቃል። ይህን ከፈፍ ለማየት ብርሃኑን ከኋላ አድርጉ፤ ከላይ በቀጥታ የሚመጣ ብርሃን ከፈፉን ከሥሩ ካለው አንጓ ጋር ያመሳስለዋል። በመጠንም ዴልታ ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልፋሉ። ነገር ግን መጠንን ብቻ ይዞ መፍረድ አደጋ አለው። ወንዶች ከሴቶች ያንሳሉ፤ በእጭነቱ ምግብ ያነሰው ተርብ ደግሞ ሲያድግ ድንክ ይሆናል።

ሁለት ሌሎች ጂነሶችንም ልጥቀስ። ዜቱስ የወገብ አንጓው ቀጭን ነው፤ ሆኖም መንጋጋው አጭርና ሰፊ በመሆኑ ረጅሙን ምንቃር አይሠራም፤ ሁለተኛው አንጓም ብዙ ጊዜ በሥሩ በኩል የራሱ አጭር አንገት አለው። ሲናግሪስ በአፍሪካ ብቻ የሚገኝ ግዙፍ ሸክላ ሠሪ ተርብ ነው፤ ጥቁር ሆኖ የሆዱ ጫፍ ብርቱካናማ የሆኑት ዝርያዎቹ ይታወቃሉ። እሱ ቀጭን ወገብ የለውም፤ የመጀመሪያው አንጓ ሰፊ ነው። በአንዳንዶቹ ወንዶች ላይ፣ ለምሳሌ በሲናግሪስ ኮርኑታ፣ ከመንጋጋው ሥር ትልልቅ ቀንዶች ይወጣሉ። እነዚህ ወንዶች ከጎጆው ላይ ሆነው ሴቶች ሲወጡ ይጠብቃሉ፤ በቀንዳቸውም ከተቀናቃኞቻቸው ጋር ይታገላሉ። ሲናግሪስን ከዴልታ ጋር የሚያምታታ ሰው የለም፤ የጎጆዎቻቸው ስብርባሪ ግን ሊምታታ ይችላል።

ስለ ምደባው ታሪክ ጥቂት ማወቅ ለሥራው ይጠቅማል፤ የድሮ ጽሑፍና የድሮ ናሙና የሚነበበው በዚህ እውቀት ስለሆነ። የሳይንሳዊ ስያሜ ሥርዓትን የመሠረተው ሊኔየስ በ1758 የዛሬውን ዴልታ ኤማርጂናቱም የገለጸው ቬስፓ ኤማርጂናታ ብሎ ነው፤ በዚያ ዘመን ክንፋቸውን የሚያጥፉ ተርቦች ቬስፓ ይባሉ ነበር። ስዊድናዊው ደ ዬር በ1773 ቬስፓ ማክሲሎሳ የሚል ሌላ ስም አወጣ። ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ላትሬይ በ1802 ወገበ ቀጭኖቹን ለይቶ ኤውሜኔስ አላቸው። ከዚያ የጄኔቫው ኦንሪ ደ ሶስዩር በ1855 በኤውሜኔስ ውስጥ ዴልታ የሚል ክፍል አበጀ። (ይህ ሰው የቋንቋ ሊቁ የፈርዲናንድ ደ ሶስዩር አባት ነው፤ የተርብ ስብስቡም እዚያው ጄኔቫ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።) ለጂነሱ መነሻ ዓይነት ሆኖ የተወሰደው ዝርያ ቬስፓ ማክሲሎሳ ሲሆን፣ እሱ ራሱ ከሊኔየስ ኤማርጂናታ ጋር አንድ እንደሆነ ይቆጠራል። ዴልታ ራሱን የቻለ ጂነስ ሆኖ የቆመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በመሆኑም ስለ አፍሪካ ዴልታ አኗኗር የተጻፈ የቆየ ነገር ስትፈልጉ «ኤውሜኔስ ማክሲሎሱስ» በሚለው ስም ሥር ፈልጉ፤ በአዲሱ ስም ብቻ ብትፈልጉ ግማሹ እውቀት ያመልጣችኋል።

ስሙን ስትጽፉ ሁለት ደንቦች አሉ። ዴልታ በስያሜው ሰዋስው ወንድም ሴትም ያልሆነ ጾታ ስላለው የዝርያው ስም መጨረሻ ከእሱ ጋር ይስማማል፤ በኤውሜኔስ ሥር «ኤማርጂናቱስ» የነበረው በዴልታ ሥር «ኤማርጂናቱም» ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዝርያው መጀመሪያ ከተገለጸበት ጂነስ ወደ ሌላ ከተዛወረ የገላጩ ስምና ዓመቱ በቅንፍ ይገባል፤ ስለዚህ ዴልታ ኤማርጂናቱም (ሊኔየስ፣ 1758) ተብሎ ይጻፋል። ቅንፉን መተው የሚያስተላልፈው መልእክት አለው፤ ሊኔየስ ራሱ ዴልታ ብሎ የገለጸው ያስመስላል።

ከጂነሱ በላይ ያለው ምደባም አልረጋም። በ2017 እና በ2018 የወጡ ሰፋፊ የዘረ መል ጥናቶች ኤውሜኒኔ ተብሎ በአንድ ላይ የተቀመጠው ቡድን አንድ ወጥ የዘር ግንድ እንደሌለው አሳይተዋል፤ ዜቱስና ዘመዶቹ ለብቻቸው ዜቲኔ የሚባል ንዑስ ቤተሰብ ሆነዋል። ዴልታና ኤውሜኔስ ግን በኤውሜኒኔ ውስጥ ጎን ለጎን እንደሆኑ ናቸው። በመሣቢያችሁ ላይ «ዜቱስ፣ ኤውሜኒኔ» የሚል የቆየ ምልክት ካለ ማረም ይገባል።

ስለ ቀለም አጥብቄ ልናገር። ዴልታ ኤማርጂናቱም ከሰሐራ በታች ባለው ሰፊ የአፍሪካ ክፍል ይገኛል፤ የጥቁሩ፣ የቀዩና የቢጫው ድርሻ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ብዙ ንዑስ ዝርያዎች በቀለም ብቻ ተሰይመውለታል። በዚህ ላይ የናሙናው አያያዝ ይጨመራል፤ ለረጅም ጊዜ በሲያናይድ መግደያ ጠርሙስ ውስጥ የቆየ ተርብ ቢጫው ወደ ቀይ ሊዞር ይችላል፤ በመስኮት ብርሃን ዓመታት የቆየ ደግሞ ይደበዝዛል። ሌላም ምክንያት አለ። ስትሬፕሲፕቴራ የሚባሉ ጥገኛ ነፍሳት በተርቡ ሆድ ውስጥ ሲያድጉ የባለቤቱ ቀለምና የፊቱ ቅርጽ ሊዛባ ይችላል። በሆድ አንጓዎቹ መካከል ብቅ ያለ ቡናማ ጉብታ ካያችሁ ያንን ናሙና ለዝርያ መለያ አትጠቀሙበት፤ ለብቻው ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ለሌላ ጥናት ዋጋው ትልቅ ነው።

ወደ ናሙና ዝግጅት እንለፍ። ዴልታን ለመያዝ የተሻለው ቦታ ጭቃ የምታነሳበት የውኃ ዳርና የአበባ ቁጥቋጦ ነው፤ በመረብ ከላይ ወደ ታች ክደኑና የመረቡን ጫፍ ወደ ላይ ያዙ፣ ተርቧ ወደ ላይ ትወጣለች። የመግደያ ጠርሙሱ ሥር እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጀሶ አድርጉና ሲደርቅ በኤቲል አሲቴት አርጥቡት፤ ትርፉን አፍስሱ። ናሙናው በላብ እንዳይረጥብ ጥቂት የሶፍት ቁራጭ ጨምሩበት። ለዘረ መል ምርመራ የምትፈልጉ ከሆነ ኤቲል አሲቴት ዲ ኤን ኤውን ስለሚጎዳ በፍሪዘር አቀዝቅዛችሁ ግደሉት፣ አንዱን የኋላ እግር ቆርጣችሁ በ95 በመቶ አልኮል አስቀምጡ፤ የእግሩና የአካሉ ቁጥር አንድ ይሁን።

ናሙናው ገና ለስላሳ ሳለ አራት ነገሮችን መጨረስ ይገባል። መንጋጋውን በቀጭን መርፌ ክፈቱት፤ ከደረቀ በኋላ ጥርሱን ማየት አይቻልም። ክንፉን ከእጥፋቱ ዘርጉት። ወንድ ከሆነ የመራቢያ አካሉን ጫፉ በታጠፈ መርፌ ወደ ውጭ ሳቡት። መስፊያውን በቁጥር 2 ወይም 3 የነፍሳት መርፌ፣ ከደረቱ ጀርባ መሐል ትንሽ ወደ ቀኝ አድርጉት፤ መሐሉን ከወጋችሁ መሐሉ ላይ ያለው ምልክት በሁለቱም በኩል ይጠፋል፤ ወደ ቀኝ ከሆነ ግን የግራው ወገን ሙሉ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ትልቁ ችግር ይመጣል፦ ወገቡ። ሆዱ ከባድ፣ ወገቡ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ናሙናው እየደረቀ ሆዱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ በደረቀ ጊዜ መጠነኛ መነካካት ይሰብረዋል። ሁለት ስፒሎች ከሆዱ ሥር አሻግራችሁ እስኪደርቅ ድረስ ደግፉት። የተሰበረ ካለ ሆዱን በካርድ ላይ በውኃ በሚሟሟ ሙጫ ለጥፋችሁ በዚያው መርፌ ላይ አኑሩት፤ በሌላ መርፌ የተቀመጠ ሆድ ውሎ አድሮ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ደርቆ የመጣላችሁን ናሙና ማለስለስ ካስፈለገ እርጥብ አሸዋ ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይይዘዋል። የወንዱን የመራቢያ አካል ለማጥራት በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያድር፤ በውኃ ታጥቦ በግሊሰሪን በትንሽ ብልቃጥ ከናሙናው መርፌ ላይ ይሰካ።

የመለያ ወረቀት የሌለው ናሙና ለሳይንስ ዋጋ የለውም፤ የተሳሳተ መለያ ያለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በእኛ አገር ትልቁ የስህተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 12 ቀን 2017 የተያዘ ተርብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024 ነው። ያንን «12-1-2017» ብሎ የጻፈ ሰው ናሙናውን ለውጭ አንባቢ ጃንዋሪ 12 ቀን 2017 አድርጎታል፤ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ወቅቱም ተዛብቷል፣ በዝናብ ማብቂያ የበረረው ተርብ በደረቁ ወራት የበረረ ይመስላል። ስለዚህ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፣ በስሙ ጻፉት፤ አቆጣጠሩም የኢትዮጵያ መሆኑን ከጎኑ አስፍሩ፤ ሁለቱንም ቀን ብትጽፉ ደግሞ እሰየው። ሰዓትም እንዲሁ፣ የእኛ 3 ሰዓት ጠዋት ለሌላው 9 ሰዓት ነው። ከቀኑ ሌላ ክልሉን፣ ወረዳውን፣ የቅርቡን ከተማ ወይም ቀበሌ፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ ከፍታውን በሜትር፣ የያዘውን ሰውና የተያዘበትን መንገድ መጻፍ ያሻል። ከፍታን የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ በአንድ ቀን መንገድ ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣበት አገር ያለ ከፍታ የተጻፈ ቦታ ግማሽ መረጃ ነው።

የድሮ መለያ የምታነቡም ልብ በሉ። በ19ኛውና በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእንስሳት ስርጭት ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ክልል» ማለት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ነበር። እዚህ ክልል ተገኘ የተባለ ዝርያ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተያዘ ማለት አይደለም፤ ከሴኔጋልም ከደቡብ አፍሪካም ሊሆን ይችላል። የአገራችንን ተርቦች ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ይህን ካልተገነዘበ እዚህ የሌሉ ዝርያዎችን ይመዘግባል። «አቢሲኒያ» የሚለውም የዛሬዋን ኤርትራ ጭምር ሊያካትት ስለሚችል ዝርዝር ቦታው ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ጎጆው ብዙ ይናገራል፤ ማንነቱ ከታወቀ ተርብ ጋር ከተያያዘ። የዴልታ ሴት መጀመሪያ የምትሠራው ክፍል ጠርዙ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ እንደ እንስራ አፍ የሆነ አንገት አለው። እንቁላሏን ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ምግብ ከማስገባቷ በፊት ትጥላለች፤ እንቁላሉ ከጣሪያው በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከዚያ ጸጉር የሌላቸውን የእሳት እራት ትሎች በመርዟ አደንዝዛ ታስገባለች፣ አፉን ትዘጋለች፣ ከጎኑ ሌላ ክፍል ትጀምራለች። ጥቂት ክፍሎች ሲጠናቀቁ በላያቸው ላይ ጭቃ ስለምትለብጥባቸው የእንስራው ቅርጽ ይጠፋል፤ ግድግዳ ላይ የተወረወረ ጭቃ መስሎ ይቀራል። እንግዲህ «ሸክላ ሠሪ ተርብ ስለሆነች ማሰሮ መሥራት አለባት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያለቀለትን የዴልታ ጎጆ አይቶ ያልፈዋል። ብቻውን ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ ትንሽና ያማረ ማሰሮ ካገኛችሁ ደግሞ ኤውሜኔስን ጠርጥሩ።

የተዘጋ ክፍል ስትከፍቱ ውስጡን እዩ፦ የተከማቸው ምግብ የእሳት እራት ትል ከሆነ የሸክላ ሠሪ ተርብ፣ ሸረሪት ከሆነ የስኬሊፍሮን ነው። ይህ ቀላልና አስተማማኝ ፈተና ነው። ሆኖም ሳይከፍቱ ማሳደግ ይበልጣል። ጭቃውን በስስ ቢላ ከሥሩ ፈልቅቃችሁ፣ የላይኛውን አቅጣጫ ምልክት አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አፉ በሻሽ በታሰረ ብልቃጥ አኑሩት። ፀሐይ አታግኘው፣ በጣምም አይድረቅ። ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ ማድረግ የሚያስከትለው ችግር ግልጽ ነው፤ የወጡት ነፍሳት ከየትኛው ክፍል እንደወጡ አይታወቅም። ከዴልታ ጎጆ የሚወጣ ሁሉ ዴልታ አይደለም። አረንጓዴና ሰማያዊ ብረት መስሎ የሚያብረቀርቀው ስቲልቡም ሲያኑሩም የዴልታም የስኬሊፍሮንም ጥገኛ ነው። በጭቃው ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ሳይሆን እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካያችሁ ባለቤቱ ሳይወጣ በደቃቃ ጥገኛ ተርቦች ተበልቷል። ባዶ የቀረን የቆየ ጎጆ ደግሞ ሌሎች ነፍሳት ገብተው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ጎጆውን፣ የወጣውን ነፍሳትና የውስጡን ቅሪት በአንድ ቁጥር አስተሳስራችሁ አቆዩ።

ፎቶ ብቻ ላላችሁ፦ አንድ የሚያምር የጎን ፎቶ ለጂነስ አይበቃም። ከላይ፣ ከጎን፣ ፊቷን ፊት ለፊት፣ ከተቻለም የእግሯን ጫፍ አንሱ። በፎቶ ላይ ጥፍርና የቅልጥም እሾህ ካልታየ ቤሎኖጋስተርን ከዴልታ የሚለየው መንጋጋው ብቻ ነው፤ ስለዚህ የፊት ፎቶው ከሁሉ ይቀድማል።

ዝርያውን መወሰን የሚቻለው የታወቀ ናሙና ጎን ሲቀመጥ ነው። በአራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ናሙና ለማስቀመጥም ለማነጻጸርም ተገቢ ቦታ ነው። የክሊፔየሱ ጫፍ ምን ያህል እንደተቦረቦረ፣ በጀርባው ላይ ያሉት ነጥቦች ምን ያህል እንደተራራቁ፣ የወንዱ የአንቴና ሜንጦና የመራቢያ አካል ምን እንደሚመስል ከቀለም በፊት ይመዝገቡ። እነዚህ ካልተሟሉ በመለያው ላይ «ዴልታ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ ጻፉ፤ የለየው ሰው ስምና ዓመትም ይግባበት። ኋላ ሌላ ሰው ስሙን ሲያርም የመጀመሪያውን ወረቀት አያንሳ፣ የራሱን ከሥሩ ይጨምር።